ያልጠጣ ጨርቅ

«ዞር በይ» አለች የጥላነሽ እናት ከተኛችበት አልጋ ላይ ሆና። «ቀስ ብለሽ። አዎ፣ እንደሱ።»

ሃኒያ የቆመችበት የሻይ ሣጥን ላይ ዞረች። ነጩ ቀሚስም አብሯት ዞረ። ጥላነሽ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ በከንፈሮቿ አምስት ስፒል ነክሳ፣ የቀሚሱን የታች እጥፋት ታስተካክላለች። ላቡ ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን በክንዷ ትጠርጋለች።

የነሐሴ ነፋስ ከበረሃው በኩል አሸዋ እያመጣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ ተኝቷል። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ነው የገባው። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፤ የስፌት መኪናውንም የሚነካ የለም።

በሩ አጠገብ የሃኒያ አጎት፣ አቶ ሐንፈሬ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የወደብ ጸሐፊ ናቸው። ወረቀት የሚይዙት እንደ እንቁላል ነው። አሁን የያዙት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሲሆን፣ የረዳት ነርሶች ትምህርት ቤት ሃኒያን እንደተቀበላት የሚገልጽ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«‹ሁለት ቀሚስ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ጥጥ። ቴትረንና ናይለን አይፈቀድም። ልብሱ ገና ሲገባ ይቀቀላል፤ ከዚያም በየሳምንቱ። ርዝመቱ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ይሆናል። በየሰኞው ይለካል። ያጠረባት ተማሪ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች።›»

«የማን ስንዝር?» አለች ሃኒያ። «የእኔና የእርስዎ ስንዝር አንድ ነው እንዴ፣ አጎቴ?»

«በትልቁ ይሁን» አሉ አቶ ሐንፈሬ። «አባትሽን ለማሳመን ከዚህ እስከ ዒድ መንደር ሁለት ጊዜ በጀልባ ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ ምን አለኝ? ‹ልብሷን በዓይንህ አይተህ መስክርልኝ› አለኝ። እኔም እመሰክራለሁ ብዬ እጄን ሰጠሁት። በትልቁ ስንዝር ይሁን።»

ሃኒያ ጎንበስ ብላ ከጉልበቷ በታች ስንዝሯን ዘረጋች። ቀሚሱ ከትንሿ ጣቷ አልፎ ጥቂት ወረደ። «ማሻአላህ!» አለች፤ ወዲያው መጋረጃውን አየችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ጥላዬ» አለች እናቷ። «ጨርቁ ጠጥቷል አይደል?»

ጥላነሽ ቀና አላለችም። «እም» አለች በስፒሎቹ መካከል።

«ይንኮሻኮሻል እኮ። እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

ጥላነሽ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች እጥፋቱ ላይ ሰካቻቸው። አምስቱ አለቁ። ሌላ የምትሰካው አልቀረም።

«የሩዝ ውሃ ረጭቼበት ነው የተኮስኩት» አለች በመጨረሻ። «ቀጥ ብሎ እንዲቆምላት ብዬ።»

«ጎበዝ» አለች እናቷ፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት በነበረው ረቡዕ ነው።

የጥላነሽ እናት፣ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ አሰብ ከገባች ጀምሮ ለማጣሪያውና ለወደቡ ሠራተኞች ሚስቶች ስትሰፋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ወገቧ ያዛት። መቆም ትችላለች፤ መተኛትም ትችላለች። መኪናው ፊት መቀመጥ ግን አልቻለችም። የሃኒያ ጨርቅ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወደ ሌላ ሰፊ ከመላክ፣ «ልጄ እጇ ጥሩ ነው፤ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ አሠራታለሁ» ብላ ተቀበለች። ጥላነሽ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቁልፍ ተክላለች፣ ጠርዝ ዘምዝማለች፣ የትራስ ልብስ ሰፍታለች። ሙሉ ቀሚስ ግን ቆርጣ አታውቅም።

እናቷ ጨርቁን አልጋዋ ላይ አስዘርግታ ነበር ያስተማረቻት።

«በዚህ በኩል ያዢና ሳብ፣ ለቀቅ አድርጊው። ‹ጧ› አለ? እሱ ድሩ ነው። አይሰጥም። አሁን ደግሞ በወርዱ ሳቢው፤ ይኼ ማጉ ነው፣ ትንሽ ይለግሳል። በሰያፍ ስትስቢው እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ እሱን አትመኚው። ቀሚስ ከላይ እስከ ታች በድሩ ነው የሚቆረጠው።»

ከዚያ ጨርቁን በጥፍሯ ፋቀችው። ነጭ ዱቄት ጥፍሯ ላይ ቀረ።

«ይኼ የፋብሪካ ሙጫ ነው። ድሩ ሲሠራም ተወጥሮ፣ ሲጠቀለልም ተወጥሮ፣ መርከብ ላይም ተወጥሮ ነው እዚህ የደረሰው። ውሃ ሲያገኝ ነው የሚያርፈው። ሲያርፍ ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ ከመቀስ በፊት ይጠጣ፤ ከማታ እስከ ጠዋት። ሳይጠጣ ከሰፋሽው፣ ሰውዬው ላይ ሆኖ ነው የሚያርፈው።»

ጥላነሽ ያን ጊዜ ስቃ ነበር። «እኛስ መቼ ነው የምናርፈው፣ እማዬ?»

«ጨርቁ ያርፍ መጀመሪያ።»

ችግሩ ውሃው ነበር። የሰፈሩ ቦኖ ከደረቀ ሳምንታት አልፈዋል። በጋሪ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ሊጥ ሊያቦኩበት ይችላሉ፤ ወለል ያጥቡበታል። ነጭ ጨርቅ ግን አይነከርበትም፤ ያቦዘዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ስለሚጠራ፣ በአሰብ አየር ጨርቁ ደረቀ ሲሉት ተመልሶ ይረጥባል። ስለዚህ እናቷ በርሜሉ ውስጥ ከቀረው ጣፋጭ ውሃ ሁለት ባልዲ አስቀድታ ሳፋ ውስጥ አስገለበጠች፤ በትሪም አስከደነችው።

«ይኼ የሃኒያ ነው» አለች። «ማንም እንዳይነካው።»

በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጥላነሽና ሃኒያ ፎቶ ቤት ሄደው የመለያያ ፎቶ ሊነሡ ተቀጣጥረዋል። የጥላነሽ ፀጉር ሦስት ሳምንት ሙሉ በጨው ውሃ ስትታጠበው ከርሞ እንደ ገመድ ደርቋል፤ ማበጠሪያ አያስገባም። እናቷ የወገቧን መድኃኒት ውጣ ተኝታለች። አባቷም ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ጥላነሽ ትሪውን ከፈት አድርጋ አየች። አንድ ኩባያ ብቻ አለች። አንድ ኩባያ ለሳሙናው እንኳ አልበቃም። ሁለተኛ ጨመረች። ሳሙናው ካልለቀቀ ፀጉሯ ከበፊቱ ይብሳል፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጨመረች። በመጨረሻ ራሷን ሳፋው ውስጥ ደፋች። ውሃው ለብ ያለ፣ ለስላሳ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቀና ለማለት አልፈለገችም።

ስትጨርስ ሳፋው ውስጥ የቀረው ግራጫ አረፋ ነበር።

ነገ ቦኖው ይመጣል ብላ አሰበች። ቦኖው አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት ጨርቁን በእጇ መዳፍ እርጥብ እርጥብ አድርጋ በከሰል ካውያ ተኮሰችው። እናቷ ከእንቅልፏ ነቅታ «ጠጣ?» ስትላት «ጠጣ» አለች። ቃሉ ቀላል ነበር፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ክብደቱ የተሰማት። ከዚያ ጠመኔውን አንሥታ ልኩን አሰመረች። መቀሱንም አነሣች።

ቆረጣው አማረ። እናቷ ሳይቀር ተገረመች። ከዳር የተረፈውን ቀጭን ቁራጭ ጥላነሽ በድሩ በኩል ሁለት እኩል አድርጋ ቆርጣ፣ ጠርዙን ዘምዝማ፣ ሁለት የፀጉር ማሰሪያ ሠራች። እያንዳንዱ ኀምሳ ሳንቲም ይረዝም ነበር። አንዱን ለራሷ አስቀረች፤ አንዱን ለሃኒያ ሰጠች።

«ከሻሼ ሥር አስረዋለሁ» አለች ሃኒያ። «አዲስ አበባ ሲበርደኝ አንቺን ትዝ ይለኛል።»

«ብርድና እኔን ምን አገናኘን?»

«እሱን እዚያ ስደርስ እጽፍልሻለሁ።»

ሁለቱም ቀሚሶች አልቀው ማክሰኞ ማታ ወደ ሃኒያ ቤት ሄዱ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ልጆች ፎቶአቸውን ለመውሰድ ሄዱ። ሙቀቱ ሰውን ከመንገድ አባርሮታል። በግድግዳ ጥላ ሥር እየተጠጉ ነው የሄዱት፤ ጥላው ሲያልቅባቸው እየሮጡ፣ ጥላ ሲያገኙ እየቆሙ።

ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። ሃኒያ በሻሿ ውስጥ ሆና ሣቅ ሊያመልጣት ሲል ትታያለች። የጥላነሽ ፀጉር ደግሞ ብርሃን ያዘ፤ በትከሻዋ ላይ ተነፍቶ የሌላ ሰው ፀጉር ይመስላል።

«አንቺ!» አለች ሃኒያ። «ይኼን ፀጉር ከየት አመጣሽው? ፎቶ አንሺው ነው የቀባልሽ? አጠገብሽ እኔ እኮ ፋራ መሰልኩ።»

ጥላነሽ ፎቶውን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ነፋሱ ተቀበላቸው። ጥላነሽ ፀጉሯን ልትሰበስብ ማሰሪያዋን ከኪሷ አወጣች። በዚያን ዕለት ጠዋት ከአባቷ ቱታ ጋር አጥባው፣ ነፋሱ በደቂቃ አድርቆት ነበር። ከማጅራቷ አዙራ አናቷ ላይ ልትቋጥረው ብትሞክር ጫፍና ጫፉ ለመቋጠር አልበቃ አለ። ሳበችው። እንደገና ሳበችው።

«ሙሉ ቀሚስ ስለሰፋሽ ጭንቅላትሽ አበጠ» አለች ሃኒያ። «እንቺ፣ በእኔ ሞክሪው።» የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች። ገና አልታጠበም፤ እንደታጠፈ ነበር። የጥላነሽ ጭንቅላት ላይ አስራው ጫፎቹን እያወዛወዘች ሣቀች። «አየሽ? የእኔ ይበቃል። ወላሂ አድልተሽልኛል፤ ለእኔ ረዘም አድርገሽ ነው የቆረጥሽው።»

«እኩል ነው የቆረጥኩት» አለች ጥላነሽ።

ሃኒያ ሌላ ነገር እያወራች ነበር፤ ስለ አውሮፕላኑ፣ መስኮት አጠገብ ይሰጡኝ ይሆን እያለች። ጥላነሽ አልሰማቻትም። ሁለቱን ማሰሪያዎች በሁለት እጇ አንጠልጥላ ታያቸው ነበር።

ቤት ስትደርስ የራሷን ማሰሪያ በሜትር ለካችው። አርባ ስድስት ሆነ። መልሳ ለካችው፤ ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ ጨፍልቃ፣ ጫፉን በጥፍሯ ይዛ። አርባ ስድስት። በግማሽ ሜትር አራት፣ በሜትር ስምንት ሳንቲም ማለት ነው። የሃኒያ ቀሚስ ከትከሻ እስከ ታች ሜትር ከዐሥር ነው። ዘጠኝ ሳንቲም ሊሄድ ነው። ጥላነሽ የራሷን ስንዝር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በዓይኗ ዘጠኝ ሳንቲም ቀነሰች። የስንዝሩ ግማሽ ሊባል ምንም አልቀረው።

«ምን ትለኪያለሽ?» አለች እናቷ ከአልጋዋ።

«ምንም።»

«ሃኒያ ቀሚሶቹን አጥፋ ከተተቻቸው?»

«ከተተቻቸው።»

«የእሷ አጎት ዛሬ ጠዋት በመስኮት በኩል ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹የልጅሽን ስፌት የወደቡ ሰው ሁሉ አየው› አሉኝ። ይዘውት ዞረዋል መሰለኝ።» እናቷ ሣቀች፤ ሣቁ ወገቧን ነካው መሰል፣ ወዲያው ፊቷ ተኮሳተረ። «እንግዲህ እኔ ባልነሣም መኪናው ዝም አይልም።»

ጥላነሽ ሜትሩን ጠቀለለችው። ድካም ከእግሯ ተነሥቶ እስከ ትከሻዋ ወጣባት። አምስት ቀን ሙሉ አባቷ ከነቃበት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ነው የከረመችው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቆዳው ተልጧል። ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር የሚለውን ሐሳብ ገና ስታስበው ዓይኗ ይከደንባታል።

ደግሞስ ምን ቸገራት? ሃኒያ ቅዳሜ ትሄዳለች። ቀሚሱ የሚቀቀለው አዲስ አበባ ነው። ሲያጥር የሚያየው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሃኒያ ራሷ እንኳ፣ አጣቢዎቹ አበላሹት፣ የእሳቱ ብዛት ነው ትላለች። ማንም ወደ አሰብ ተመልሶ ሳፋው የት አለ ብሎ አይጠይቅም።

ሰኞ ጠዋት ግን ሃኒያ መሥመር ላይ ትቆማለች። አንዲት የማታውቃት ሴት መለኪያ ይዛ ትመጣለች። ሁለተኛ ቀሚስ አላት፤ እሱም ከአንድ ጨርቅ ነው፤ እሱም ያጥራል። ከዚያ ተመልሳ አውሮፕላን፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ዒድ። አባቷም፣ «ሐንፈሬ፣ አይቻለሁ አላልከኝም?» ይላል።

ጥላነሽ ማሰሪያውን ጠቅልላ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሰፈሩ በባልዲ ድምፅ ተነሣ። ቦኖው መጥቷል። ጥላነሽ ባልዲና ጄሪካን ይዛ ሮጠች። ስትደርስ ሰልፉ የወይዘሮ የሻሽወርቅን አጥር አልፏል።

«ለአንድ ቤት አንድ ባልዲና አንድ ጄሪካን ብቻ!» ይላል የቦኖው ዘበኛ። «ሁለት ባልዲ የያዘ አንዱን ይደብቅ፤ ባየው እደፋዋለሁ!»

«ይኼ ሰውዬ ውሃውን እናቱ የወለደችው ነው የሚመስለው» አሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከፊቷ ሆነው። ዞር ብለው አዩዋት። «እናትሽስ እንዴት አደረች? የዚያች የአፋር ልጅ ቀሚስ አለቀ ሲሉ ሰማሁ። ያንቺ እጅ ነው አሉ።»

«አልቋል» አለች ጥላነሽ።

«ታድለሽ። ሥራ ሲያልቅ ደስ ይላል።»

ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ሳትነሣ አየሩ ይሞቅ ጀመር። ከማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጫፍ እሳቱ እንደ ወትሮው ይወዛወዛል። አባቷ አሁን ሥራውን ጨርሶ እየተመለሰ ይሆናል፤ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው።

ተራዋ ደርሶ ቀዳች። ጄሪካኑን ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ አባቷ ሲገባ በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። ባልዲውን ግን አላወረደችም። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ማሰሪያዋንና ከቀሚሱ የተረፈውን ሌላ ሰፊ ቁራጭ ጨርቅ ከቤት አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ባልዲውን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወደ ወደቡ ሰፈር ቁልቁል ወረደች። በየሃምሳ እርምጃው እያረፈች፣ እጅ እየቀየረች ነው የሄደችው።

ሃኒያ ደጃፏን እየጠረገች ነበር። «ውሃ ስጦታ ሆነ እንዴ አሰብ?» አለች መጥረጊያውን ጥላ። «ኧረ ነይ ግቢ፣ አላህ ይስጥሽ!»

«ማሰሪያሽን አምጪው» አለች ጥላነሽ።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ…»

«አምጪው ብቻ።»

ሃኒያ አመጣችው። ጥላነሽ ሁለቱን ማሰሪያዎች ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ከአንዱ ጫፍ አስተካክላ።

«ጭንቅላትሽ አብጦ ነው ብዬሽ አልነበር…» ብላ ጀመረች ሃኒያ። ከዚያ አቆመች። በጣቷ የሁለቱን ልዩነት ነካች፤ ሁለት ጣት ተኩል ያህል ነበር። «እኔ የእኔን አላጠብኩትም» አለች ቀስ ብላ።

«አላጠብሽውም።»

«አንድ ጨርቅ ናቸው።»

«አዎ።»

ሃኒያ ቀና አለች። «ቀሚሱም?»

«ቀሚሱም። ዘጠኝ ሳንቲም።»

ሃኒያ ጎንበስ ብላ ስንዝሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «ለእትዬ አልጋነሽ ጠጥቷል ስትያቸው ሰምቻለሁ» አለች። «ሣጥኑ ላይ ቆሜ ነበር።»

«አፌ ውስጥ ስፒል ነበር።»

«አሁን የለም።»

«አልጠጣም» አለች ጥላነሽ። «ውሃው ተቀምጦለት ነበር። እኔ ፀጉሬን ታጠብኩበት።»

ሃኒያ ፀጉሯን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ጥላነሽ ባልዲው አጠገብ ቆማ ቀረች። አንዲት ፍየል መጥታ ውሃውን አሸተተች፤ ጥላነሽ በእግሯ አራቀቻት። ሃኒያ ተመልሳ አትወጣም ብላ አሰበች። ባልዲውን ትቼ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ እያለች ስታመነታ በሩ ተከፈተ። ሃኒያ ሁለቱን ቀሚሶች በአንድ ክንዷ፣ ሰፊ ሳፋ በሌላው ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ አልችልም» አለች። «አንቺ ንከሪው።»

ጥላነሽ ውሃውን ሳፋው ውስጥ ገለበጠች። መጀመሪያ የነካችው ማክሰኞ የጨረሰችውን ነው። መተኮሱ እንዳለ ነበር፤ አንገትጌው ቀጥ ብሏል፣ ቁልፎቹ ተደርድረዋል፣ የወገቡ ሽንሽን አንዱ ካንዱ አይበልጥም። በትከሻው ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። ቀሚሱ አልጠጣም አለ። ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ አየሩ ደረቱንና እጅጌውን ነፋው፤ ሰው ያለበት መሰለ። ጥላነሽ በሁለት መዳፏ ተጫነችው። አየሩ በአንገቱ በኩል ወጣ። ውሃው ወተት የነካው መሰለ፤ የፋብሪካው ሙጫ ነበር። ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ ቁራጩን።

ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ሳፋውን ያዩ ጀመር።

«ካጠረ በኋላስ?» አለች ሃኒያ።

«እጥፋቱ ይፈታል። አምስት ሳንቲም አለው። የቀረውን ወገቡን ከፍቶ በመሐል እንደ ቀበቶ ያለ ጨርቅ ማስገባት ነው፤ ቁራጩ ይበቃል። ግን ሽንሽኑን ሳላበላሽ ወገብ መክፈት ብቻዬን አልችልም።»

«ታዲያ?»

«እማዬ ታውቃለች።»

«እትዬ አልጋነሽ እኮ መቀመጥ አይችሉም።»

«መናገር ትችላለች።»

ሃኒያ ከሳፋው ውስጥ የአንዱን ቀሚስ እጅጌ አውጥታ ጨመቀችና መልሳ ለቀቀችው። «ቅዳሜ ይደርሳል?»

«አላውቅም» አለች ጥላነሽ። «አንዱ ይደርሳል። ሁለተኛው… አላውቅም።»

«ተናድጄብሻለሁ» አለች ሃኒያ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ቅዳሜ ድረስ ካልለቀቀኝ ሳልስምሽ ነው አውሮፕላኑ ላይ የምወጣው። እወቂው።»

«እሺ።»

«ለአጎቴ እኔ እነግራቸዋለሁ። ለእናትሽ ደግሞ አንቺ ንገሪ።»

ጥላነሽ ባዶውን ባልዲ አነሣች። ስትመለስ መንገዱ ዳገት ነው፤ ባልዲው ግን ቀሏታል። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ሲበትነው በምንም አላሰረችውም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ውሃውን ጠጥቶ ተኝቷል። ጄሪካኑ በሩ ጥግ ቆሟል። እናቷ ትራሷን ደገፍ ብላ ነቅታለች።

«ጄሪካኑን አየሁት» አለች በለሆሳስ። «የባልዲው ውሃስ?»

ጥላነሽ ባልዲውን አስቀመጠች። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ምላጩን፣ ሜትሩንና ጠመኔውን አወጣች። ይዛቸው መጥታ እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ወገቧን እንዳትነካባት ተጠንቅቃ፣ ተቀመጠች።

«እማዬ» አለች። «ጨርቁ ዛሬ ነው የጠጣው።»